ዶሮ ምን በልታ ታድራለች? የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ጓሮ ሲዳሰስ

በአርብ ገበያ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የታች ጋይንት ቀበሌዎች ዶሮ የማይጭርበት ጓሮ ማግኘት ይከብዳል። ዶሮዋ ምን እንደምትበላ ለጠየቀ ሰው ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ ያገኘችውን። መልሱ ስህተት የለበትም። ያገኘችው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሚጎድልና የትኛው እንደሚገድላት ግን አይነግረንም። ስለዚህ ጉዳይ እናቶች በልምድ ያካበቱት ዕውቀት አለ፤ ተመራማሪዎች ለዓመታት የጻፉት አለ፤ የግብርና ባለሙያዎች የሚያስተምሩትም አለ። ሦስቱ እምብዛም ስለማይገናኙ እዚህ አንድ ላይ አምጥቼ ለማየት ሞክሬአለሁ። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። የአገራችን ዶሮ በሜዳ ላይ የምትለቅመውን በሚገባ ታውቃለች። በምግብ በኩል የሚገድላት በአብዛኛው ሰው ወደ ቤት ያስገባው ነገር ነው። ከመርዝ ሁሉ በላይ የሚጎዳት ደግሞ ጫጩት ሳለች የሚያገኛት ረሃብ ነው።

ዶሮ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለችም። ሕሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በትግራይ መዝበር ከተባለ ጥንታዊ መንደር የተገኙ አጥንቶችን መርምረው፣ ዶሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ዘመን፣ ማለትም ከአክሱም መንግሥት በፊት፣ እዚህ እንደነበረች አሳይተዋል። ያን ያህል ዘመን ከገደሉ፣ ከብርዱና ከድርቁ ጋር የኖረች ወፍ እንደየአካባቢው ተለያይታለች። ሐሊማ ሐሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኙ ሰባት የአገር ዶሮ ስብስቦችን ሲያነጻጽሩ፣ ከደቡብ ጎንደር የመሎ ሐሙሲትንና የጋሳይን ዶሮ አካተዋል። ጋሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የፋርጣ ከተማ ናት፤ የጋይንት ዶሮ የቅርብ ዘመድ እዚያው ነው ማለት ይቻላል። ገብስማው፣ ወሰራው፣ ዛጎልማው፣ ቀዩና መላጣ አንገቱ በአንድ ጓሮ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

ምግቧ እንደ ከፍታው ይለያያል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቆመው በጉና ተራራ ሥር ባሉት የላይ ጋይንትና የእስቴ ደጋዎች ገብስና ድንች ነው። ወደ አርብ ገበያ ወረድ ሲባል ስንዴ፣ ጤፍና ባቄላ ይመጣል። ወደ በሽሎ ሸለቆና ወደ ስማዳ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ማሽላ ይነግሣል። ከከፍታው ይልቅ የሚወስነው ግን ወቅቱ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አውድማው ላይ የወደቀ እህል ሞልቷል። በመጋቢትና በሚያዝያ መሬቱ ይደርቅና ትሉም ቅጠሉም ይጠፋል። በሐምሌና በነሐሴ ትሉ፣ አንበጣውና ለምለሙ ሣር ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጎተራው ባዶ ስለሆነ ለዶሮ የሚበተን ጥሬ የለም። ሥጋዋን የሚሠራው ፕሮቲንና ኃይል የሚሰጣት እህል በአንድ ወቅት አይገናኙላትም።

ታደለ ደሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደጋ ያደረጉት ጥናት ይህንኑ በማስረጃ ያሳያል። ዘዴው ቀላልና ብልህ ነው። ሜዳ ላይ ስትለቅም የዋለችን ዶሮ አርዶ፣ አንገቷ ሥር ምግብ የምታጠራቅምበትን ከረጢት ከፍቶ የተገኘውን መመዝገብና በላቦራቶሪ መመርመር ነው። እህልና ግርድ፣ ቅጠል፣ ትል፣ የእንጀራ ፍርፋሪና ጠጠር ይገኝበታል። ፕሮቲኑም፣ ኃይል ሰጪውም፣ ካልሲየሙም አንዲት ዶሮ እንቁላል ለመጣል ከሚያስፈልጋት በታች ነበር። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ትጥላለች ተብላ ስትናቅ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ አንድ ዙር ጥላ 21 ቀን ታቅፋ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን ለወራት ታሳድጋለች። ዓመቱ የሚያልቀው በእናትነት ነው።

እንግዲህ ከጓዳችን ምን ብንጨምርላት ይጠቅማል? ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ገብስ ሁሉም ደህና ናቸው። ቀዩና መራራው ማሽላ፣ ለጠላ የሚወደደው ዘንጋዳም ጭምር፣ ታኒን ስላለበት ፕሮቲኑ በሆዷ በደንብ አይፈጭም፤ ስለዚህ ከነጩ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ይሻላል። ፉርሽካ ይጠቅማል። የጠላ አተላም ትኩስ ሳለ ጥሩ ነው፤ የብቅሉ ትራፊ ፕሮቲን አለው። ለሦስትና ለአራት ቀን ቆሞ የሻገተ ወይም የአልኮል ሽታው የበረታ አተላ ግን ለዶሮ አይሰጥም። ከሁሉ የሚበልጠው በእጃችን ያለ ነገር የኑግ ፋጉሎ ነው፤ ከክብደቱ ወደ ሲሶው የሚጠጋ ፕሮቲን አለው። ዘይት መጭመቂያ ባለበት ከተማ ሁሉ ይሸጣል፤ በአብዛኛው የሚገዛው ግን ለሚደልብ በሬ ነው። አንድ እፍኝ የተፈጨ ፋጉሎ ከጥሬው ጋር ብትቀላቀል በሬው የሚያጣው ነገር የለም፤ ዶሮዋ ግን ትለወጣለች። የጎመን ዘር ፋጉሎ ከዚህ ይለያል፤ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ስላለው ብዙ አይሰጥም።

አረንጓዴውን ነገር የሚረሳው ብዙ ነው። በነጭ ማሽላ ብቻ የምትኖር ዶሮ ቫይታሚን ኤ ይጎድላታል፤ ዓይኗ ይፈዛል፣ የእንቁላሏ አስኳል ይገረጣል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጠውልጎ መለብለቡን ያቆመ ሳማ፣ በቆላው ሽፈራው፣ ሁሉም ይረዷታል። በርበሬም ይጨመር። ሰው የሚቃጠልበት ነገር ዶሮን አያቃጥላትም። ስቬን ኤሪክ ዮርድትና ዴቪድ ጁሊየስ በ2002 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በአጥቢ እንስሳት ነርቭ ላይ ያለው የበርበሬን ማቃጠል የሚቀበል ክፍል በወፎች ላይ ለበርበሬ አይነቃም። ጁሊየስ በዚሁ መስክ ባደረጉት ምርምር በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። የበርበሬ ፍሬ የሚለቅሙ ዶሮዎች አስኳላቸው ደማቅ ቢሆን አያስደንቅም።

ታዲያ የወጥ ትራፊ ለምን ይከለከላል? በርበሬው አይደለም ችግሩ፤ ጨው ነው። ከዶሮ መኖ ውስጥ ጨው ግማሽ በመቶ ቢሆን ይበቃታል። ከዚያ በላይ ሲበዛ ውኃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ያስቀምጣታል፣ ትንንሾቹ ይሞታሉ። ለከብት የተቀመጠ አሞሌ ወይም የጨው ውኃ ጫጩት በማይደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ድስት የታጠበበት ውኃ በተደፋበት ጓሮ ደግሞ ንጹሕ ውኃ አጠገቧ መቀመጥ ይኖርበታል።

ስለ ጥራጥሬ ረዘም ላድርግ፤ በዚህ አገር ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነውና። ሽምብራና ባቄላ ተፈጭቶ ወይም ተቀቅሎ ቢሰጥ መልካም የፕሮቲን ምንጭ ነው። ጥሬ ቦሎቄ ግን ለዶሮም መርዝ ነው፤ በደንብ ሳይፈላ አይሰጥም። ግብጦ በብዙ ውኃ ተዘፍዝፎ መራራነቱ ካልወጣ አትነካውም፤ ባትነካውም ይሻላታል። ጓያን በተመለከተ የጋይንት ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጋይንት በስተምሥራቅ ባለው በደላንታና ዳውንት የጓያ ሽባነት በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ብዙ ወጣቶችን እግራቸውን ነስቷቸዋል። ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት አሳትመውታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ መርዙ ሲገኝ የተፈተነው በጫጩት ላይ መሆኑን ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የህንድ ኬሚስቶች ከጓያ ያወጡትን ንጥረ ነገር የአንድ ቀን ጫጩቶችን ሲወጉ ጫጩቶቹ አንገታቸው ተጣመመ፣ ተንቀጠቀጡ። ያደገች ዶሮ አውድማ ላይ የወደቀ ጓያ ብትለቅም የከፋ ነገር አይደርስባትም። ለጫጩት ግን ድፍንም ክክም ቢሆን ጥሬ ጓያ አይሰጣትም። ተልባም እንደዚሁ ነው። ትልቋ ጥቂት ብትበላ ደህና ነው፤ ጫጩት ላይ ግን ቫይታሚን ቢ6ን የሚያጠፋ ነገር ስላለው እድገቷን ያቀጭጨዋል።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ድንችና ቡቃያው ጎጂ ነው፤ የተቀቀለው ግን እሰየው። የአቮካዶ ልጣጭ፣ ቅጠልና ፍሬ ለወፍ ሁሉ መርዝ ነው፤ ዛፉ ወደ ጓሯችን እየገባ ስለሆነ ይታወቅ። የቡና አተላ አይሰጣትም። የጉሎ ፍሬና የአስተናግር ዘር ከእህል ጋር እንዳይቀላቀሉ ማበጠር ነው። ሽንኩርትም ጥቂቱ አይጎዳም፣ ብዙው ደም ያሳንሳል።

አሁን ወደ ዋናው መርዝ ልምጣ። በግንቦትና በሰኔ ምርጥ ዘር ለገበሬ ሲከፋፈል ዘሩ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ይዞ ይመጣል። ቀለሙ ዘሩ በነቀዝና በበሽታ መድኃኒት የታሸ መሆኑን ማሳያ ነው። ከረጢቱ ቤት ውስጥ ሲከፈት የፈሰሰውን፣ ማሳ ላይ አፈር ያልለበሰውን ዶሮ ትለቅማለች። ማታ ቆጥ ላይ የወጣች ጠዋት ወድቃ ትገኛለች፤ ጎረቤቱም ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ ገባ ይላል። አንዳንዱ ያችኑ አርዶ ለቤተሰቡ ይሠራታል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ጎተራ ውስጥ ለነቀዝ የሚቀመጠው ክኒን፣ የአይጥ መድኃኒት የተነከረበት እህል፣ የአረም መድኃኒት የተበጠበጠበት ባልዲ፣ ሁሉም በዚሁ ይቆጠራሉ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል፤ ካራውን እዚያ ያስቀመጠው ግን ሰው ነው። የዘር ከረጢት የሚከፈተው ዶሮ በሌለበት ቦታ ይሁን፤ የዘሩ ቀን ዶሮዎቹ ተዘግተው ይዋሉ። የግብርና ባለሙያ ዘር ሲያድል ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ስንት ዶሮ ይተርፋል!

ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የሚመጣው ሻጋታ ነው። በቆላው ማሽላ በጉድጓድ ይከማቻል፤ ውኃ የገባበት ጠርዙ ይሻግታል። ሰው የማይበላው ያ ጠርዝ ለዶሮ ይሰጣል። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ድንገት ሲሞቱ መንስኤው የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ዶሮ ጥቂቱን ስትበላ ወዲያው አትሞትም። ጉበቷ ይጎዳል፣ እንቁላል ታቆማለች፣ ክትባት ብትወስድም በደንብ አይሠራላትም። በሙቀት አይጠፋም፤ መቁላትም ሆነ መቀቀል አያድነውም። የሻገተ እህል ለሰው ካልሆነ ለዶሮም አይሆንም።

ይህ ሁሉ ግን ከጫጩት ሞት ጋር ሲነጻጸር ያንሳል። የመንደር ዶሮን ያጠኑ በተደጋጋሚ እንደጻፉት፣ ከተፈለፈለው ጫጩት ከግማሽ በላዩ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል። ጭላት፣ ሸለመጥማጥና ድመት የሚወስዱት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ጫጩቷ ከእናቷ ርቃ የምትሄደው፣ ለጭላት የምትጋለጠውም፣ ስለተራበች ነው። ጫጩት ከመኖዋ አንድ አምስተኛው ፕሮቲን መሆን አለበት። እናቷ ግን ጥሬ ሲበተን ቀድማ ትበላለች፤ የተበተነው ሙሉ ማሽላ ደግሞ ለሦስት ቀን ጫጩት አፍ ትልቅ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ጫጩቶች የሚያልፉበት ዶሮዋ የማታልፍበት ክፍተት ያለው ቅርጫት ተደፍቶ፣ ውስጡ የተከካ ስንዴ፣ የተፈጨ ኑግ ፋጉሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል ፍርፋሪና የተከተፈ ጎመን ይቀመጣል። በቶጎና በቡርኪና ፋሶ ገበሬዎች ጭድና እበት የሞላ እንስራ ምስጥ ባለበት መሬት ላይ ደፍተው ያሳድራሉ፤ ጠዋት ምስጡን ለጫጩት ያራግፋሉ። በቆላው ስማዳ ይህ የማይሞከርበት ምክንያት አይታየኝም። ስምንት ሳምንት እንዲህ ከያዟቸው እናትየዋም ቶሎ ተለይታ እንደገና እንቁላል ትጀምራለች።

እዚህ ላይ ስለ ተሻሻሉ ዝርያዎች የማምንበትን በግልጽ ልናገር። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በምግብ ዋስትና ችግር ስማቸው የሚነሳ ወረዳዎች ናቸው፤ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ገብቶባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ዶሮን ከዋና ዋናዎቹ መካከል አድርጓታል። ሳሶ፣ ኮኮክና ቦቫንስ ብራውን ለሴቶች ይታደላሉ። ቦቫንስ በሙሉ መኖ በዓመት ከ300 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሙሉ መኖ ማለት ግን በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም፣ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ የተመጠነ፣ በየቀኑ ሳይቋረጥ ማለት ነው። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በግጭት መንገድ ሲዘጋ ከከተማ የሚመጣው መኖ ከየት ይገኛል? አምስት ቄብ ተሰጥቷት መኖ ያልተሰጣት ሴት ዶሮዎቹ ሲሞቱ ሰነፍ ተብላ ትወቀሳለች። ይህ ግፍ ነው። ያለ መኖ የሚታደል ዝርያ ዕዳ ነው፤ ቀድሞ ፋጉሎው፣ ክትባቱና የጫጩት ቅርጫቱ ይምጣ፤ ዝርያው ከዚያ ይደርሳል።

ስለ ጠባይዋ ደግሞ ጥቂት እንበል፤ ከምግቡ ጋር የተያያዘ ነውና። ዶሮዎች በመካከላቸው የበላይና የበታች አላቸው። ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤቤ በ1921 እ.ኤ.አ. ይህን በጥናት አስፍሯል። የበላይዋ ሳትጠግብ የበታቿ ወደ ጥሬው አትቀርብም። ስለዚህ ጥሬ በአንድ ቦታ አይፈስም፤ ራቅ ራቅ ተደርጎ ይበተናል። እንቁላል መብላት የጀመረች ዶሮ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ጎድሏታል። የእንቁላል ቅርፊት ይጠቅማታል፤ ግን ተጠብሶና ደቅቆ እንጂ ቅርጹን ይዞ አይሰጥም፣ ያለበለዚያ መስበሩን ትማራለች። ጥርስ ስለሌላት ጠጠር ያስፈልጋታል፤ ተዘግታ የምትውል ከሆነ ደቃቅ ጠጠር ይቀመጥላት። አመድ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር ካገኘች እየተንደባለለች ቅማሏን ራሷ ታራግፋለች። መታቀፍ የያዛትን ለማስተው ላባ በአፍንጫዋ የሚያሻግሩ፣ ውኃ ውስጥ የሚነክሩ አሉ፤ ይህ ጭካኔ ነው። ቀዝቃዛና ጭድ የሌለበት፣ ነፋስ የሚያስገባ ቅርጫት ውስጥ ለጥቂት ቀን ከምግብና ከውኃ ጋር ማስቀመጥ ይበቃል።

ቆጥ ቤት ውስጥ ስለመሆኑም አንድ ነገር አለ። ሌሊት ከሸለመጥማጥ ያድናታልና ልማዱ ምክንያት አለው። ሆኖም ዴሪክ ሄዴይና ካሌ ሂርቮነን በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ገጠር መረጃ ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ዶሮ ያላቸው ቤቶች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሲሆኑ፣ ዶሮ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚያድርባቸው ልጆች ግን የቀጨጩ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ዳዴ የሚለው ሕፃን ኩስ ይነካል፣ ወደ አፉ ይወስዳል። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ትንሽ የዶሮ ቤት ዶሮዋንም ሕፃኑንም ያድናል።

ፈንግልን በምግብ መፈወስ አይቻልም። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ አረቄ፣ የሰው ቴትራሳይክሊን እንክብል እንኳ ይሞከራል፤ በሽታው ቫይረስ ስለሆነ አንዱም አይነካውም፤ እንክብሉ ደግሞ በእንቁላሉ አልፎ ወደ ልጆች ይደርሳል። በክረምት መግቢያ ሲበረታ የመጀመሪያው ሐሳብ ቶሎ ወደ ገበያ ማውጣት ነው። የታመመችው ዶሮ ከአርብ ገበያ ወደ ስማዳዋ ወገዳ፣ ከወገዳ ወደ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ በሽታውን ይዛ ትዞራለች። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ብትቆይ ብዙ ጓሮ ይድናል። ክትባቱን በቢሾፍቱ የሚገኘው፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል፤ ሙቀት የሚቋቋመው ዓይነትም አለው። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለመቶና ከዚያ በላይ ዶሮ የሚሆን መሆኑ ነው፤ አንዲት እናት ደግሞ አምስት ነው ያላት። ብልቃጡ ከተበጠበጠ በኋላ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ሃያ ጎረቤት በአንድ ጠዋት ዶሮዎቹን ከቆጥ ሳይወርዱ ይዞ፣ ወጪውን ተካፍሎ፣ ባለሙያውን መጥራት አለበት። ጊዜውም በሽታው ሳይመጣ፣ በሚያዝያ ነው፤ ድጋሚው ከመከር በኋላ።